የፋሲካ አስቤዛ በአዳማ ሙቀት፦ የቱ ቀድሞ ይገዛል፣ የቱ ይቆያል?

ሁዳዴ ሲጋመስ ጥያቄው ይጀምራል። «የበዓሉን አስቤዛ መቼ ልጀምር? ምን ያህልስ ልግዛ?» አንዷ ቀድማ ገዝታ ሽንኩርቱ በስብሶባታል። ሌላው ቅዳሜ ድረስ ጠብቆ ዋጋው ጣራ ነክቶበታል። በየዓመቱ ለየሰዉ ከመድገም አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው።

አዳማ ላይ አስቤዛ የሚገዛው ሙቀት በመቻሉ ተራ ነው። ሚያዝያ ላይ ቀኑ 30 ዲግሪን ያልፋል፤ ጓዳውም አብሮ ይግላል። አዲስ አበባ ያለች እህታችሁ ሁለት ሳምንት የምታቆየው ነገር እዚህ ሳምንት ላይደፍን ይችላል። ስለዚህ ደረቁ ቀድሞ ይገባል፣ እርጥቡ መጨረሻ ላይ። መሃል ላይ ያለውን ደግሞ እርጥበቱን አስወጥተን እናቆየዋለን። ቅቤ ማንጠር ይኸው ነው፣ ሽንኩርት ማቁላላትም።

ቀኖቹን በጾሙ እሁዶች ስም ነው ያስቀመጥኳቸው። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል፣ እሁዶቹ ግን ተራቸውን አይስቱም። ደብረ ዘይት ከፋሲካ አራት ሳምንት በፊት ነው። ገብር ኄር ሦስት፣ ኒቆዲሞስ ሁለት፣ ሆሳዕና አንድ ሳምንት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ልኩ ለ10 ሰው ገደማ፣ ሁለት ዶሮ ታስቦ ነው። እንግዳ የሚበዛበት ቤት በዶሮ ቁጥር ያባዛ። ለአንድ ዶሮ 2.5 ኪሎ ሽንኩርት፣ 250 ግራም በርበሬ፣ ከ350 እስከ 400 ግራም የተነጠረ ቅቤና 12 እንቁላል ያዙ።

- ቀይ ሽንኩርት 6 ኪሎ (5ቱ ለወጥ፣ ቀሪው ለልጣጭና ለሚበላሽ)
- የተፈጨ በርበሬ ግማሽ ኪሎ
- ያልተነጠረ ቅቤ 1 ኪሎ
- ነጭ ሽንኩርት ሩብ ኪሎ፣ ዝንጅብል የዚያን ግማሽ
- እንቁላል 24፣ ለሚሰነጠቅ 4 ትርፍ
- ጤፍ 10 ኪሎ (ከአንድ ኪሎ ዱቄት እንደ ምጣዱ ስፋት ከ6 እስከ 8 እንጀራ ይወጣል)
- የስንዴ ዱቄት 3 ኪሎ፣ እርሾ፣ ኮባ
- ዘይት 3 ሊትር፣ ስኳር 2 ኪሎ፣ ቡና 1 ኪሎ፣ ጨው፣ ሎሚ
- ቅመም፦ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አብሽ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ፣ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ
- ክዳናቸው የሚገጥም የብርጭቆ ዕቃዎች፣ ንጹሕ ሻሽ፣ ወንፊት፣ ቅርጫት
- ፕላስተርና ማርከር

ፕላስተርና ማርከሩን አትናቁት። ጥቅሙን በርበሬው ጋ ታዩታላችሁ።

ጠላ እዚህ ውስጥ የለም። ጌሾና ብቅሉ የራሱ ቀን አቆጣጠር አለው፣ ከዚህ ጋር ብደባልቀው ሁለቱም ይበላሻሉ።

1. ጓዳውን አውጡት (የደብረ ዘይት ሳምንት)

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ያለውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡ። ሽሮና ዱቄት በወንፊት ንፉ። ነቀዝ ካለበት ከአዲሱ ጋር አታስቀምጡት፣ ሁሉንም ይወርሰዋል። የአምና በርበሬ ክዳኑ ሲከፈት ካልሸተታችሁ ለሽሮ ይሁን፣ ለዶሮ አይሆንም።

ዕቃዎቹን በፈላ ውሃ እጠቡና ፀሐይ ላይ ደፍታችሁ አድርቁ። በጨርቅ ማበስ አይበቃም። አንገቱ ሥር የቀረች ጠብታ ውሃ ሙሉ ዕቃ በርበሬ ታሻግታለች።

2. በርበሬና ቅመም (ከደብረ ዘይት እስከ ገብር ኄር)

ዛላውን ገዝታችሁ የምታስፈጩ ከሆነ አንድ ፍሬ አንሥታችሁ ጆሯችሁ ጋ ነቅንቁት። ፍሬው ውስጡ መንኮሻኮሽ አለበት። ሲያጥፉት የሚለመጥ ዛላ እርጥብ ነው። ሚዛን ይሞላል፣ ቤት ሲገባ ይሻግታል። ከየቦታው አምስት ስድስቱን ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩ። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ግራጫ ሻጋታ የያዘ ብዙ ነው።

ታጥቦም ሆነ ተደልዞ የሚሰጣ በርበሬ በቱል ይሸፈን። የነፋስ ማመንጫዎቹ እዚህ ኮረብታችን ላይ የተተከሉት በከንቱ አይደለም፤ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ይዞ ይመጣል። በርበሬ ላይ ያረፈ አቧራ ደግሞ አይታይም፣ ጥርስ ላይ ነው የሚታወቀው።

ከወፍጮ ቤት የመጣ በርበሬ ትኩስ ነው። እንደመጣ ዕቃ ውስጥ ጨምራችሁ ከከደናችሁት ያልበዋል፣ ላቡም ክዳኑ ሥር ይጠራቀማል። ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ፣ እጃችሁን ስታስገቡ ቅዝቃዜ እስኪሰማችሁ ጠብቁ። ከዚያ ክደኑት። ፍሪዘር ላይ ቦታ ካላችሁ እዚያ ይቀመጥ፤ ቀለሙም ሽታውም ይቆያል። ቦታ ከሌለ ብርሃን የማያገኘው፣ ከምድጃ የራቀ ቦታ ይሁን።

አሁን ፕላስተሩ። ዕቃው ላይ ቀኑን ጻፉ፣ ከሥሩ «ጨው አለው» ወይም «ጨው የለውም» ብላችሁ ጻፉ። ብዙ ቤት በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ የሚገዛውም እንዲሁ ነው። የፋሲካን ዶሮ የሚሠራው ሰው ደግሞ ጾመኛ ነው፣ ወጡን ቀምሶ አያርምም። በርበሬው ጨው እንዳለው ካላወቀ እሁድ ሌሊት ሲፈሰክ ነው የሚታወቀው፣ ያኔ ደግሞ ምንም አይደረግም።

ቅመሙን ሳይፈጭ ግዙት። ኮረሪማ ከነቅርፊቱ ይቆያል፤ ከተፈጨ ሽታው በሳምንታት ውስጥ ይሄዳል። መከለሻውን ሰሙነ ሕማማት ላይ በትንሹ ውቀጡ።

3. ጤፍ፣ ዱቄት፣ ደረቅ ነገር (የገብር ኄር ሳምንት)

ጤፍ ቀድሞ ቢገዛ ችግር የለውም፤ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም። የምንጃር ነጭ ጤፍ ለኛ ቅርብ ነው። ግዙት፣ አንፍሱት፣ በማዳበሪያው መሬት ሳይነካ እንጨት ላይ አስቀምጡት። ማስፈጨቱን ግን እስከ ኒቆዲሞስ ጨርሱ፣ ከዚያ በኋላ ወፍጮ ቤት ሰልፉ አይቻልም። ዱቄቱንም እንደ በርበሬው አቀዝቅዛችሁ ክደኑ።

የስንዴ ዱቄት ግን ነቀዝ ይወዳል። ፍሪዘር ካላችሁ አራት ቀን አሳድሩት፤ ዓይን የማያየው የነቀዝ እንቁላል እዚያ ይሞታል። ስታወጡት ከረጢቱን ሳትከፍቱ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለስ። ቶሎ ከከፈታችሁት የአየሩ እርጥበት ዱቄቱ ላይ ያርፋል።

ዘይት፣ ቡና፣ ጨው፣ ከሰል አሁን ይገቡ። ዘይቱ ፀሐይ አይየው፣ ይጎመዝዛል። ወንጂ አፍንጫችን ሥር ናት ብሎ ስኳርን ለመጨረሻ ቀን መተውም አያዋጣም።

ቅርጫ የምትገቡ ከሆነ ሰው የሚሰባሰበው በዚህ ሰሞን ነው። ተመዝገቡ፣ ግን መደባችሁ ምን ያህል ኪሎ እንደሚወጣው ጠይቃችሁ ፍሪዘራችሁን እዩ።

4. ቅቤ (የኒቆዲሞስ ሳምንት)

ቅቤ ከሆሳዕና በፊት ይገዛ። ጾም ላይ ፈላጊው ጥቂት ነው፣ ረጋ ብሎ መምረጥ ይቻላል። ሰሙነ ሕማማት ከገባ ሁሉም ባንዴ ይወጣል።

የሸኖም ይሁን የአርሲ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ለናሙና ጠይቁ። ቤት ወስዳችሁ በማንኪያ አቅልጡት። ንጹሕ ቅቤ ውስጡ ውሃና የወተት ዝቃጭ ስላለው ይንጫጫል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ሽታው ቤቱን ይሞላል። ጭጭ ብሎ እንደ ዘይት የሚቀልጥ ከሆነ የአትክልት ቅቤ ሳይገባበት አልቀረም። ሻጩ ናሙና አልሰጥም ካለ ሌላ ሻጭ አለ።

አነጣጠሩ እንዲህ ነው፦

ሀ. ቅቤውን በቀዝቃዛ ውሃ እያሻችሁ እጠቡ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ደጋግሙት። የሚወጣው ነጭ ነገር አሬራ ነው። ቅቤን የሚያኮመጥጠው እሱ ነው።

ለ. ወፍራም ድስት ላይ በዝግታ እሳት አቅልጡ። አረፋውን በጭልፋ ግፈፉ።

ሐ. ለአንድ ኪሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተደቆሰ ኮረሪማ፣ አንድ እፍኝ ኮሰረት፣ ግማሽ እፍኝ በሶብላ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምሩ። አብሹ አይብዛ፣ ይመርራል።

መ. አሁን በጆሮ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ድስቱ ይንጣጣል፤ ያ ውሃው ነው። ቀስ እያለ ድምፁ ይሳሳል፣ አረፋው ይደቅቃል፣ ሥር የተኛው ዝቃጭ ወርቃማ ይሆናል፣ ቅቤው ጠርቶ የድስቱ ታች ይታያል። ድምፁ ዝም ሲል አውርዱ። ቀድማችሁ ካወረዳችሁ ውሃ ይቀርበታል፣ ይሻግታል። ከዘገያችሁ ዝቃጩ ያርና ቅቤው ይጠቁራል።

ሠ. እስኪሰክን ጠብቃችሁ በደረቅ ሻሽ አጥሉ። ክዳኑን የምትገጥሙት ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው።

ከአንድ ኪሎ ከ750 እስከ 800 ግራም ይወጣል። ሲቀዳ በደረቅ ማንኪያ ይሁን። ወጥ የነካ ጭልፋ አንዴ ከገባበት ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ነው።

5. ሽንኩርትና ቁሌት (ከኒቆዲሞስ እስከ ሆሳዕና)

የመቂ፣ የባቱና የቆቃ ሽንኩርት ደጃችን ነው የሚራገፈው፣ ስለዚህ ምርጫ አለን። አንገቱ ጥብቅ ብሎ የደረቀ፣ ልጣጩ የሚንኮሻኮሽ፣ ሲጫኑት ጠንካራ የሆነውን ምረጡ። አንገቱ የለሰለሰ ከሆነ ብስባሱ ውስጥ ውስጡን ጀምሯል። ቤት ስታስገቡ ከፌስታል አውጡት፤ ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። ቅርጫት ላይ ወይም ወለል ላይ አስጡት፣ ነፋስ ያግኘው። ከድንች ጋር አንድ ላይ አይቀመጥ፣ ድንቹ እርጥበት ይሰጠዋል።

እንዲያም ሆኖ ስድስት ኪሎ ሽንኩርት በዚህ ሙቀት ጠባቂ ይፈልጋል። የሚሻለው በሆሳዕና ሳምንት መግቢያ ቁሌቱን ሠርቶ መገላገል ነው። ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ክተፉ። ያለ ዘይት በዝግታ አቁሉት፣ ሲይዝ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ፣ ውሃውን ጨርሶ እስኪቀላ። ከዚያ ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬ። በርበሬው ጥሬ ጥሬ መሽተቱን እስኪተው ውሃ ጠብ እያላችሁ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ አንተክትኩት።

ቅቤ እዚህ አይገባም። ምክንያቱ ሁለት ነው። በዘይት ብቻ የተሠራ ቁሌት ጾም ስለሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ስትፈቱ በእንጀራ ትቀምሱታላችሁ። ጨውና በርበሬውን ማረም የምትችሉት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ቅቤው መጨረሻ ላይ ሲገባ ሽታው አዲስ ይሆናል።

ቁሌቱን በትልቅ ድስት እንዳለ አታቀዝቅዙት። የድስት መሃል ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያል፣ ተሐዋስያን የሚወዱት እሱን ነው። ጎድጎድ ባላሉ ሰፋፊ ዕቃዎች ከፋፍላችሁ አብርዱት፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ። ከዚያ በየዶሮው ልክ ለይታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ጨምሩት።

6. ሰሙነ ሕማማት በየቀኑ

*ሰኞና ማክሰኞ።* እንቁላል ይገዛል። ውሃ ውስጥ ስታደርጉት የሚተኛው ደህና ነው፤ የሚንሳፈፈው ያረጀ ነው፣ ተዉት። ከገበያ እንደመጣ አትጠቡት፣ ዛጎሉን የሚጠብቀው ስስ ሽፋን ይታጠባል። ስትቀቅሉት ነው የሚታጠበው። አራት አምስት ቀን የቆየ እንቁላል ከትናንቱ ይልቅ በቀላሉ ይላጣል፤ 24 እንቁላል ለሚልጥ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

*ረቡዕ።* ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተልጦ ይፈጭ፣ ፍሪጅ ይግባ። መከለሻው ይወቀጥ።

*ሐሙስ።* ጠዋት ሊጡ ይቦካል። በዚህ ሙቀት ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ ሦስት ቀን ካቆያችሁት ይኮመጥጣል። ዶሮም ዛሬ ይገዛ። ዓይኑ የጠራ፣ ኩክኒው ቀይ፣ አፍንጫው ደረቅ ይሁን። ቤት ሲደርስ ጥላ ውስጥ እሰሩት፣ ውሃ አቅርቡለት። የታረደና የቀዘቀዘ የምትገዙ ከሆነ ዓርብ ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ይውረድ። ጠረጴዛ ላይ አይሟሟ።

*ዓርብ።* ስቅለት ነው። ሰው ቤተ ክርስቲያን ስለሚውል ምንም ሥራ አትያዙ። ማታ ቁሌቱን፣ የቀዘቀዘ ዶሮ ከገዛችሁም ዶሮውን፣ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ማውረድ ብቻ።

*ቅዳሜ።* አይብ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሰላጣ፣ ኮባ፣ ቄጤማ። እነዚህ አንድ ቀን ቀድመው ቢገቡ ይጠወልጋሉ፣ አይቡም ይኮመጥጣል። አብሲቱን በጠዋት ጥላችሁ ቀድማችሁ ጋግሩ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቤት ምጣድ ስለሚጥድ ኃይሉ ይዳከማል። እንጀራው ሳይቀዘቅዝ አይደራረብ፣ ካልሆነ ሦስተኛው ቀን ላይ ይሻግታል።

7. መብራት ቢጠፋ

ፍሪዘር ሙሉ ሆኖ ካልተከፈተ ወደ 48 ሰዓት ይይዛል። ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት ያህል። ፍሪጁ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶ ቦታውን በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሙሉት። አፉ ድረስ አትሙሉት፣ ውሃ ሲረጋ ስለሚሰፋ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ልጆች በየደቂቃው በሩን እንዳይከፍቱ የሚጠጣውን ውሃ ውጭ አስቀምጡላቸው።

ማስጠንቀቂያ

- የሻገተ በርበሬ፣ እህል ወይም ለውዝ ላዩን ጠርጋችሁ አትጠቀሙ። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በማብሰል አይጠፋም።
- የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተነክሮ ጓዳ ውስጥ አይቆይ። አየር በሌለበት ቦታ ለሞት የሚያደርስ መርዝ የሚሠራ ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል፣ ሽታውም ሳይለወጥ። ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ቀን፣ ከዚያ በላይ ፍሪዘር።
- ከሰል በተዘጋ ኩሽና አታንድዱ። ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል። በርና መስኮት ይከፈት፣ የተያያዘ ምድጃ መኝታ ክፍል አይግባ።
- ዶሮ በሎሚና በጨው ሲታጠብ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይሁን፣ ውሃው አይረጭ። የዶሮው ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ሳይታጠብ ሰላጣ አይነካ።

የተለመዱ ስህተቶች

«ርካሽ ነው» ብሎ ቲማቲም በሳጥን መግዛት። የመቂ ቲማቲም ርካሽ የሚሆነው ሲበስል ነው፣ የበሰለ ቲማቲም ደግሞ እስከ እሁድ አይጠብቅም። ካገኛችሁት ቀቅላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት።

ሁሉንም ቅመም አንድ ዕቃ ውስጥ ማጎር። ቅርንፉድ ጎረቤቱን ሁሉ ይወርሳል፣ ቡናውንም ጭምር።

ትኩስ ነገር መክደን። በርበሬ፣ ዱቄት፣ ቅቤ፣ እንጀራ፤ ከሚደርሱኝ «ለምን ሻገተ?» ጥያቄዎች አብዛኞቹ መልሳቸው ይኸው ነው።

የዶሮውን ወጥ በሙሉ ድስቱ እያሞቁ እያወጡ ሦስት ቀን መብላት። ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ ቅዱ፣ እሱን እስኪፈላ አሙቁ፣ ቀሪው ከፍሪጅ አይውጣ። እንግዳ በድንገት ከመጣ አንድ ጭልፋ መጨመር ይቀላል።